ዕቃ ከመቀየር በፊት፦ ስለ ተርቦ ናፍጣ ሞተር የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

በዚህ እትም ለመልስ የተመረጡት ደብዳቤዎች ሁሉም ስለ ተርቦ ናፍጣ ሞተር፣ ማለትም ተጨማሪ አየር አምቆ የሚገፋለት ተርቦ የሚባል መሣሪያ ስላለው የናፍጣ ሞተር የተጻፉ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን መኪና አቆይቶ መጠቀም ለብዙ ባለንብረት የግድ ሆኗል። ደብዳቤዎቹን ሳነብ አንድ ነገር ያሳስበኛል። «የትኛውን ዕቃ ልቀይር?» ብሎ የሚጠይቀው ብዙ ነው፤ «ዕቃውን ምን አበላሸው?» ብሎ የሚጠይቀው ግን እጅግ ጥቂት ነው። ተርቦ ናፍጣ ሞተር ደግሞ የተጎዳው ክፍል ብቻ ተለውጦ ምክንያቱ ከተተወ፣ አዲሱንም ክፍል በዚያው መንገድ ይጨርሰዋል። ስለዚህ መልሶቼ ከዕቃው ይልቅ ምክንያቱን ይከተላሉ።

ጥያቄ፦ ባለ 3.0 ሊትር ዲ-ፎር-ዲ (የቶዮታ ናፍጣ) ሞተር የተገጠመለት የ2007 ሞዴል ላንድክሩዘር ፕራዶ አለኝ፤ እስካሁን 230,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዟል። ከጥቂት ወራት ወዲህ ጠዋት ሲነሣ ይንኳኳል፤ ሲሞቅ ድምፁ ይቀንሳል። የዘይት መብራቱም እንደ ቀድሞው ወዲያው አይጠፋም፤ ሦስት አራት ሰከንድ ይቆያል። የዘይት መሙያውን ክዳን ስከፍተው ጭስ ይወጣል። ያሳየሁት ጋራዥ ሞተሩ ወርዶ ሙሉ በሙሉ መታደስ አለበት ብሎኛል፤ የተጠየቅሁት ዋጋ ግን ከአቅሜ በላይ ነው። ምን ይመክሩኛል? (ት. መ.፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በመጀመሪያ፣ ምክንያቱ ተጣርቶ እስኪታወቅ ድረስ መኪናውን አይንዱት። ከጻፉልኝ ምልክቶች ሁሉ ከባዱ የዘይት መብራቱ ዘግይቶ መጥፋቱ ነው፤ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ዘይት ሳይደርሰው የሚሽከረከርበት እያንዳንዱ ሰከንድ ኩሽኔታውን፣ ማለትም ዘንጎቹ የሚሽከረከሩበትን መቀመጫ፣ ይበላዋል። ይሁን እንጂ ሳይለኩና ሳይከፍቱ «ሞተሩ መታደስ አለበት» ማለት ምርመራ አይደለም። የገለጹት ሁኔታ በዚህ ሞተር ላይ በሚገባ የታወቀ አንድ ችግርን ስለሚመስል፣ በጊዜ ከተደረሰበት ሞተሩ ሳይወርድ ሊድን ይችላል።

የእርስዎ ሞተር 1ኬዲ-ኤፍቲቪ የሚባለው፣ ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በፕራዶ፣ በሃይሉክስና በሌሎችም መኪኖቹ ላይ የገጠመው ባለ 2,982 ሲሲ ሞተር ነው። ናፍጣው አራቱንም ሲሊንደሮች በጋራ ከሚያገለግል አንድ የግፊት ቧንቧ፣ ማለትም ከኮመን ሬይሉ፣ እስከ 1,600 ባር በሚደርስ ግፊት ወደ ሲሊንደሮቹ ለሚረጩት ኢንጀክተሮች ይከፋፈላል። እያንዳንዱ ኢንጀክተር ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ላይ ሲቀመጥ ከሥሩ አንዲት ትንሽ የመዳብ ዋሸር ትኖረዋለች። የዚህች ዋሸር ሥራ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚቃጠለው ጋዝ በኢንጀክተሩ ጎን ሾልኮ እንዳይወጣ መዝጋት ነው። በጊዜ ብዛት ስትበላ ግን ጥላሸት የተሸከመው ትኩስ ጋዝ ወደ ላይ ይወጣና በቫልቭ ሽፋኑ ሥር ካለው ዘይት ጋር ይገናኛል። ዘይቱን ያደርቀዋል፣ ያከስለዋል። የከሰለው ዘይት እየተፈረፈረ ወደ ታች ይወርድና በዘይት ቋቱ ውስጥ ይጠራቀማል፤ በመጨረሻም የዘይት ፓምፑ በሚስብበት አፍ ላይ ያለውን ወንፊት ይደፍነዋል። ችግሩ የቆየ ከሆነ፣ ቋቱ ወርዶ ወንፊቱ ሲታይ የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ነገር ሽቦውን ከግማሽ በላይ ሸፍኖት ይገኛል፤ የላይኛው በጣት ሲነካ ይፈረፈራል፣ ከሥሩ ያለው ግን በጥፍር ካልተፋቀ አይለቅም።

እንግዲህ መብራቱ የሚዘገየው ምናልባት ፓምፑ ደክሞ ሳይሆን የሚስብበት አፍ ታፍኖ ነው። ዘይት ሲያጥር መጀመሪያ የሚጎዱት ተርቦውና የቢዬላ (የፒስቶን ክንድ) ኩሽኔታዎቹ ናቸው። እነዚህ ከመጎዳታቸው በፊት ከተደረሰ ወጪው የዋሸር፣ የዘይትና የእጅ ሥራ ብቻ ይሆናል፤ ከተጎዱ በኋላ ግን የጋራዡ ሰዎች የነገሩዎት ነገር እውነት ይሆናል።

ስለዚህ ሥራው በዚህ ቅደም ተከተል ቢሄድ እመርጣለሁ። ዘይቱ ይውረድ፤ ሲወርድም በንጹሕ ዕቃ ይቀመጥና ከታች የሚዘቅጠው ይታይ፤ የሚያብለጨልጭ ብረት ከተገኘ ኩሽኔታዎቹ መፈታት አለባቸው። ቀጥሎ የዘይት ቋቱና ወንፊቱ ወርደው ይጽዱ። ከዚያ ሞተሩ በአዲስ ዘይት ተነሥቶ የዘይቱ ግፊት በመለኪያ ይለካ፤ የዳሽቦርድ መብራት ግፊቱ ከመጨረሻው ወለል በታች ሲወርድ ብቻ የሚናገር ስለሆነ በእሱ መተማመን አይገባም። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲሠራም መካኒኩ በኮምፒውተር መመርመሪያ የአራቱንም ኢንጀክተሮች የማስተካከያ ቁጥር ያንብብ፤ በጥሩ ሞተር ላይ ቁጥሩ ለዜሮ ይቀርባል፤ ከ+3 በላይ ወይም ከ-3 በታች የሆነ ካለ ያ ኢንጀክተር ወይም ያ ሲሊንደር ችግር አለበት ማለት ነው። ኢንጀክተሮቹ ሲወጡ ዋሸሮቹ ላይ ጥቁር የጋዝ መንገድ ከታየ ጥርጣሬያችን ተረጋገጠ።

ዋሸር መቀየር ቀላል ሥራ ይመስላል፤ የሚበላሸውም ቀላል ስለሚመስል ነው። ቴስታታው ላይ ያለው መቀመጫ በተገቢው መሣሪያ ተፍቆ እስኪያብለጨልጭ ካልጸዳ፣ አዲሷ ዋሸር በጥላሸት ላይ ትቀመጥና ብዙም ሳትቆይ ታፈሳለች። የወጣች ዋሸር መልሳ አትገጠምም። ማሰሪያው ብሎን በእጅ ግምት ሳይሆን በቶርክ ቁልፍ ይጠበቅ። የናፍጣ መመለሻው ቧንቧ ዋሸሮችም በዚያው ይቀየሩ፤ ይህ ቧንቧ በዚህ ሞተር ላይ ከቫልቭ ሽፋኑ ሥር ስላለ፣ ቢያፈስ ናፍጣው ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ኢንጀክተር ራሱ የሚለወጥ ከሆነ በላዩ የተጻፈው ኮድ በኮምፒውተሩ ላይ መመዝገብ አለበት፤ ኮዱን ሳይመዘግቡ ገጥሞ ማስረከብ ሥራውን በግማሽ መተው ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። አንደኛ፣ ወንፊቱ ሳይታይ «ሞተር ማጠቢያ» የሚባለውን ኬሚካል ማንም እንዳይጨምርብዎ፤ የተጋገረውን ጥላሸት በአንድ ጊዜ አላቅቆ ወንፊቱን ሙሉ በሙሉ ሊዘጋው ይችላል። ሁለተኛ፣ ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ ማንኳኳቱ ከቀጠለና የአንዱ ሲሊንደር ኮምፕሬሽን (አየር የማመቅ ግፊት) ከሌሎቹ ዝቅ ካለ፣ የተሰነጠቀ ፒስቶን መኖሩን ይጠርጥሩ፤ ናፍጣ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ይዞ መንዳት ፒስቶን ያስነድላል፣ ያሰነጥቃልም።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ደሴ ዕቃ የምጭንበት ባለ ተርቦ ሃይሉክስ አለኝ። በአንድ ዓመት ውስጥ ተርቦው ሁለት ጊዜ ተቀይሮልኛል፤ አሁን ሦስተኛውም ማፏጨትና ሰማያዊ ጭስ ማውጣት ጀምሯል። ሻጮቹ ዕቃው ጥሩ ነው፣ አንተ ነህ የምታበላሸው ይሉኛል። (ሰ. አ.፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ የሚያሳዝነው ሁለቱም የወጡ ተርቦዎች ምናልባት ምክንያታቸውን ይዘው ቁራሌው ዘንድ መሄዳቸው ነው። የሞተ ተርቦ የሞተበትን ምክንያት በላዩ ላይ ይዞ ይወጣልና ሦስተኛውን እንዳይጥሉት።

ተርቦ ከሞተሩ ወደ ማርሚታው በሚወጣው ትኩስ ጋዝ የሚሽከረከር ዘንግ ነው፤ በአንደኛው ጫፍ ጋዙ የሚመታው ባለ ጥርስ የብረት ጎማ አለ፣ በሌላኛው ጫፍ ንጹሕ አየር አምቆ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገፋው ጎማ አለ። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል፤ ጋዙም ዳገት ላይ በጭነት ሲሄድ ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። በአብዛኞቹ ተርቦዎች ላይ ይህን ዘንግ የሚሸከመው ከወረቀት የቀጠነ የዘይት ንጣፍ ነው። ያ ንጣፍ ለጥቂት ሰከንድ ቢቋረጥ ወይም ቆሻሻ ቢቀላቀልበት ብረት ከብረት ይገናኛል፤ አዲስ ይሁን አሮጌ፣ ኦርጅናል ይሁን ቅጂ ልዩነት የለውም።

ስለዚህ ተርቦው ሲፈታ ዘንጉን ይመልከቱ። ዘንጉ ወደ ሰማያዊነት ከተለወጠ ዘይት አጥሮት በሙቀት ተቃጥሏል። ቀለሙ ደህና ሆኖ ዙሪያውን በቀጭን መስመር የተቧጨረ ከሆነ ዘይቱ ቆሻሻ ነበር። አየር የሚገፋው ጎማ ጥርሶች ጫፋቸው ተበልቶ ከሳሳ አቧራ ገብቷል፤ የአየር ማጣሪያው ተቀዷል ወይም ከማጣሪያው በኋላ ያለው ጎማ ቱቦ ተሰንጥቋል። ጥርሶቹ ከተሰበሩ ወይም ከተጣመሙ አንድ ጠንካራ ነገር መትቷቸዋል፤ ብዙ ጊዜም ያ ነገር ከመጀመሪያው ተርቦ ተሰብሮ በኢንተርኩለሩ (ከተርቦው የሚወጣውን አየር በሚያቀዘቅዘው ክፍል) ውስጥ የቀረ ስብርባሪ ነው።

እኔ እንደምገምተው የእርስዎ ችግር ከሁለት በአንዱ ይገኛል። የመጀመሪያው ለተርቦው ዘይት የሚያደርሰው ቀጭን ቧንቧና ዘይቱ በውስጡ የሚያልፍበት ክፍት ብሎኑ ናቸው። ተርቦው በሙቀት ሲቃጠል በዚህ ቧንቧ ውስጥ የቀረው ዘይት ይከስላል፤ ቀዳዳውም ይጠባል። በአየር ነፍቶ መልሶ መግጠም የተለመደ ቢሆንም በእኔ እምነት ፈጽሞ በቂ አይደለም፤ ከተርቦው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ቧንቧው ርካሽ ስለሆነ አዲስ ይገጠም። ዘይቱ የሚመለስበት ወፍራም ቧንቧም ሳይታጠፍና ሳይጠብ ወደ ታች መውረድ አለበት፤ እዚያ ጓርኒሲዮን ላይ የሚቀባ ሲሊኮን ወደ ውስጥ ተርፎ ቀዳዳውን ከዘጋ፣ መውረጃ ያጣው ዘይት በተርቦው ጎማዎች በኩል ይወጣል። ያኔ ሰማያዊ ጭስ ይታያል፤ ተርቦውም ሳይበላሽ ተበላሸ ይባላል። የሞተሩ ውስጣዊ ትንፋሽ መውጫም ከታፈነ ውጤቱ ይኸው ነው።

ሁለተኛው የመንገዱ ጠባይ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣው ዳገት ሞተሩን በሙሉ ኃይሉ ያሠራዋል። ደሴ ደርሰው ጭነቱን ለማራገፍ ወዲያውኑ ሞተሩን ካጠፉ፣ ዘንጉ ገና በኃይል እየተሽከረከረ የዘይት ፓምፑ ይቆማል፤ በተርቦው ሆድ ውስጥ የቀረው ዘይትም እዚያው ይጠበሳል። ዳገት ጨርሰው ሲቆሙ ሞተሩን ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ በሚኒሞ ይተውት። ጠዋት ሲያስነሡም ዘይቱ እስኪዳረስ ድረስ ነዳጅ ረግጠው አያስጩኹት። ከተማ ውስጥ ረጋ ብለው ሲመጡ ግን ቆመው መጠበቅ አያስፈልግዎትም።

ሦስተኛው ተርቦ ከመገጠሙ በፊት ኢንተርኩለሩ ወርዶ ይታጠብና ይድረቅ፤ ቱቦዎቹ ይመርመሩ፤ ዘይቱና ፊልትሮው ይቀየሩ፤ በአዲሱ ተርቦ የዘይት መግቢያ በኩል ንጹሕ ዘይት ፈስሶ ዘንጉ በእጅ ይዙር፤ ሞተሩም ናፍጣ ሳያገኝ በሞተሪኖው ጥቂት ዞሮ የዘይት መብራቱ ሲጠፋ ብቻ ይነሣ። ይህን ሁሉ የሚያደርግ መካኒክ ተጨማሪ ሰዓት ቢያስከፍልዎ ይገባዋል።

ጥያቄ፦ ዘይት በቀየርኩ በሁለተኛው ቀን ይጠቁራል። ዘይቱ ሐሰተኛ ነው ማለት ነው? ባለ 15ደብሊው-40 ልጠቀም ወይስ ባለ 5ደብሊው-30? (ብ. ገ.፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ መጥቆሩ ብቻውን የሐሰተኛነት ማስረጃ አይሆንም። የናፍጣ ሞተር ጥላሸት ይሠራል፤ የጥሩ ዘይት አንዱ ሥራም ያንን ጥላሸት በውስጡ ይዞ እንዳይጋገር ማድረግ ነው። ሳይጠቁር የሚቆይ ዘይት ቢያጋጥመኝ ይበልጥ እጠራጠር ነበር። ስለ ውፍረቱ የመኪናዎ መጽሐፍ የሚፈቅደውን ይከተሉ፤ ዲፒኤፍ (የጢስ ጥላሸት ማጣሪያ) ለሌላቸውና ከፍ ያለ ኪሎ ሜትር ለሄዱ ሞተሮች 15ደብሊው-40 በሐዋሳ አየር ጠባይ የሚያስቸግር አይደለም። ከውፍረቱ ይልቅ ጣሳው ላይ ያለው የናፍጣ ሞተር ደረጃ ይታይ፤ ለቤንዚን ሞተር ብቻ የተሠራ ዘይት አይሆንም። በአቧራና በትራፊክ መጨናነቅ ለሚሠራ መኪና 5,000 ኪሎ ሜትር ላይ መቀየር ተገቢ ነው፤ ፊልትሮውም አብሮ ይቀየር። ቆሞ በሚኒሞ የሚያሳልፈው ሰዓት በኪሎ ሜትር መቁጠሪያው ላይ እንደማይታይ ያስቡበት።

መፍራት ያለብዎት የዘይቱ ልክ ከፍ ማለቱን ነው። ሳይጨምሩበት በመለኪያው ዘንግ ላይ ልኩ ከፍ ካለና ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ፣ ናፍጣ ወደ ዘይቱ እየገባ ነውና ሞተሩን አጥፍተው መካኒክ ይጥሩ።

ጥያቄ፦ በምኖርበት አካባቢ ናፍጣ ሁልጊዜ ስለማይገኝ በበርሜል እገዛና አስቀምጣለሁ። በክረምት ግን መኪናው ጉልበት ያጣል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። የፊልትሮ መብራትም ይበራል። ነጭ ጋዝ ጥቂት ብቀላቅልበት ያጸዳዋል የሚሉኝ አሉ። (ወ/ሮ አ. ተ.፣ ከመተማ)

መልስ፦ እመቤቴ፣ ነጭ ጋዙን በፍጹም አይቀላቅሉ። የዘመናዊው ከፍተኛ ግፊት ፓምፕ የሚቀባው በራሱ በናፍጣው ነው፤ ሌላ ዘይት የለውም። ነጭ ጋዝ የማለስለስ ኃይሉ ደካማ ስለሆነ ፓምፑ ደርቆ ይፋቃል፤ የተፋቀው ብረትም በቀጥታ ወደ ኢንጀክተሮቹ ይሄዳል። ያኔ ፓምፑን፣ የግፊት ቧንቧውንና አራቱንም ኢንጀክተሮች አንድ ላይ መቀየር ሊያስፈልግ ይችላል። በቀድሞዎቹ ባለ ሜካኒካል ፓምፕ መኪኖች ሲደረግ ያዩት ሰዎች በቅንነት ቢመክሩዎትም፣ በኢንጀክተሩ ውስጥ ባሉት ተንሸራታች ክፍሎች መካከል ያለው ክፍተት የአንድ ሚሊ ሜትር ሺኛ ክፍል ጥቂት እጅ ብቻ ስለሆነ ያ ልምድ እዚህ አይሠራም።

የእርስዎ ጠላት ውሃ ነው። በግማሽ የተሞላ በርሜል ቀን ሞቆ ሌሊት ሲቀዘቅዝ፣ ባዶው ክፍል ውስጥ ያለው እርጥበት ወደ ውሃ ይለወጥና ከናፍጣው ሥር ይተኛል። ስለዚህ በርሜሉ ከዝናብ በተከለለ ቦታ ይቀመጥ፤ በተቻለ መጠን ይሞላ፤ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ሳይዘቅጥ አይቀዳ፤ የመቅጃው ቱቦ ከበርሜሉ ወለል አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ይቅዳ፤ ከሥር የሚተርፈው ለመኪናው አይሰጥ። የፊልትሮ መብራት ሲበራ ከናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለው መክፈቻ ላላ ተደርጎ ውሃው ይውረድ፤ ንጹሕ ናፍጣ መውጣት ሲጀምር ይዘጋ፤ በላዩ ያለው የእጅ ፓምፕ እስኪጠነክር ይጫን። በክረምት መብራቱ እስኪበራ ሳይጠብቁ ቶሎ ቶሎ ማየት ይሻላል። ፊልትሮው ራሱ ታጥቦ የሚመለስ ዕቃ አይደለም።

ጥያቄ፦ ወደ ባሕር ዳር ስሄድ ዓባይ በረሃ ላይ የሙቀት መለኪያው ከመሃል አልፎ ይወጣል። ቴርሞስታቱ ይውጣ ብለውኛል፤ አውጥቼም ነበር፤ አሁን ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ሞተሩ አይሞቅም። (ኢ. ወ.፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋውን ቴርሞስታት ይመልሱት። የሥራ ሙቀቱ ላይ ያልደረሰ ናፍጣ ሞተር ነዳጁን በሚገባ አያቃጥልም፤ ያልተቃጠለው ናፍጣ የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥባል፣ ጥላሸቱ ይበዛል፣ የፒስቶኑ ፋሻዎች (ቀለበቶች) ይበላሉ። ከዚህም በላይ ብዙ ቴርሞስታቶች ሲከፈቱ ውሃው ወደ ራዲያተሩ ሳይሄድ የሚዞርበትን አቋራጭ መስመር ይዘጋሉ፤ በነዚህ ላይ ቴርሞስታቱ ሲወጣ አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ስለሚሆን፣ ዳገት ላይ ሞተሩ ከበፊቱ የበለጠ ሊግል ይችላል።

የመጀመሪያ ጥርጣሬዬ የራዲያተሩ ክዳን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ፣ ውሃ በክፍት ዕቃ ሲፈላ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ይህ ደግሞ ከሞተሩ መደበኛ የሥራ ሙቀት ብዙም አይርቅም። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ፣ ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ እንኳ ውሃው ይፈላል። በቆላ የሚኖር ሰው ብዙም ሳይጎዳ የሚያልፈው የክዳን ድክመት በደጋ የሚኖረውን ቴስታታ ያሰነጥቃል። ክዳኑ ርካሽ ነውና መጀመሪያ እሱን ይቀይሩ። ቀጥሎ ራዲያተሩ በፊቱ በኩል በአቧራና በነፍሳት አለመታፈኑ ይታይ፤ ሞተሩ ሲግል ማራገቢያው ጠንክሮ መዞሩ ይፈተሽ፤ የቧንቧ ውሃ ብቻ ሞልተው ከሆነም ዝገትና ቅርፊት ስለሚሠራ ወጥቶ በኩላንት ይተካ።

ስለ መንገዱም አንድ ቃል ልበል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ድልድዩ ሲወርዱ ማርሹን ፎሌ አድርገው አይልቀቁት፤ ፍሬኑን ያቃጥላሉ። በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ ራሱ ይያዘው። ወደ ደጀን ሲወጡ ደግሞ በከፍተኛ ማርሽ ሞተሩን እያስጨነቁ ከመሄድ አንድ ማርሽ ዝቅ ብለው ዙሩ ከፍ ቢል፣ የውሃ ፓምፑና ማራገቢያው በርትተው ስለሚሠሩ ይቀዘቅዛል።

ጥያቄ፦ ፍራንክፈርት ነው የምኖረው። የ2016 ሞዴል፣ ዩሮ 6 (የአውሮፓ የጢስ ደረጃ)፣ ባለ 2.0 ሊትር ናፍጣ መኪና አለኝ። ሥራ ቦታዬ አራት ኪሎ ሜትር ብቻ ይርቃል። የጥላሸት ማጣሪያው መብራት በየጊዜው ይበራል፤ የማውቀው ሰው ማጣሪያውን በርብሮ ባዶ ማድረግ ይቻላል ብሎኛል። (ዳ. ኃ.፣ ከጀርመን)

መልስ፦ ይህ ምክር ሕግ ያስጥሳል። ማጣሪያው የተነሣለት መኪና በመንገድ ላይ የመሄድ ፈቃዱን ያጣል። ደግሞም ከሐምሌ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጀርመን በየጊዜው በሚደረገው የመኪና ምርመራ የዩሮ 6 ናፍጣ መኪኖች ጢስ በቅንጣት ቆጣሪ ይለካል፤ ወሰኑ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 250,000 ቅንጣት ነው። ባዶ የተደረገ ማጣሪያ ይህን አያልፍም። ሕጉ ባይኖር እንኳ ከኋላዎ በእግሩ የሚሄደው ሕፃን የሚተነፍሰው ያንኑ ጢስ ነው።

ማጣሪያው ጥላሸቱን የሚያቃጥለው ወደ 600 ዲግሪ ሲሞቅ ነው። ኮምፒውተሩ ይህን ሙቀት ለማምጣት ተጨማሪ ናፍጣ ይረጫል፤ ሥራው ሳያልቅ ሞተሩ ከጠፋ ደግሞ ከዚያ ናፍጣ የተወሰነው በሲሊንደሩ ግድግዳ በኩል ወርዶ ዘይቱን ያቀጥነዋል። በአራት ኪሎ ሜትር ጉዞ ሂደቱ ሁልጊዜ ይቋረጣል። መብራቱ ሲበራ በፈጣን መንገድ ላይ፣ ሞተሩን ከ2,000 ዙር በላይ አድርገው ሃያ ደቂቃ ያህል ይንዱ፤ ይህንንም በየሁለት ሳምንቱ ልማድ ያድርጉት። የዘይቱን ልክ ይከታተሉ፤ የሚገዙት ዘይት አነስተኛ አመድ ያለው፣ አምራቹ ለዲፒኤፍ የፈቀደው ይሁን፤ ጥላሸት ይቃጠላል፣ ከዘይት የሚመጣው አመድ ግን አይቃጠልምና በማጣሪያው ውስጥ ለዘለዓለም ይቀራል። እውነቱን ለመናገር ግን፣ የዕለት ጉዞዎ ይህ ብቻ ከሆነ ናፍጣ መኪና ለእርስዎ ኑሮ የሚስማማ አይደለም። ሲሸጡት ለሚቀጥለው ባለቤት ማጣሪያው የደረሰበትን ይንገሩት።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ላንድክሩዘር ልገዛ ነው። ተርቦ የሌለው ባለ 4.2 ሊትሩ ይሻላል ወይስ ባለ ተርቦው 3.0? ስገዛስ ምን ልይ? (ከ. ዘ.፣ ከጅማ)

መልስ፦ ባለ 4.2 ሊትሩ፣ 1ኤችዜድ የሚባለው ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር፣ ተርቦም ኮመን ሬይልም የሌለው ሜካኒካል ሞተር ነው። ዳገት ላይ ይዘገያል፤ በደጋ አየሩ ሲሳሳ ድክመቱን የሚክስለት ተርቦ ስለሌለ ይበልጥ ይዘገያል። ነገር ግን መጥፎ ናፍጣን ይታገሣል፤ ከኮምፒውተር መመርመሪያ ርቆም በቁልፍ ይጠገናል። መኪናው ከከተማ ርቆ የሚሠራ ከሆነ እሱን እመርጣለሁ። ብዙውን ጊዜ አስፋልት ላይ የሚሄዱና በቅርብዎ ጥሩ መመርመሪያ ያለው ጋራዥ ያለ ከሆነ ባለ 3.0 ሊትሩ ፈጣንና ቆጣቢ ነው፤ ሆኖም የቫልቮቹንና የፒስቶኖቹን እንቅስቃሴ የሚያስማማው የታይሚንግ ቤልት መቼ እንደተቀየረ ማስረጃ ካላገኙ፣ እንዳልተቀየረ ቆጥረው ዋጋውን ከክፍያው ላይ ይደራደሩበት። ቤልቱ በጉዞ ላይ ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስቶኑ ጋር ይጋጫሉ።

ማየት ያለብዎት የቀዘቀዘ ሞተር ነው። በማለዳ ይሂዱና ከመነሣቱ በፊት ኮፈኑን ከፍተው እጅዎን ሞተሩ ላይ ያድርጉ። ከዚያ ሲነሣ የዘይት መብራቱ ስንት ሰከንድ እንደቆየ ይቁጠሩ፤ ማንኳኳቱን ያዳምጡ፤ የሚወጣውን ጭስ ቀለም ይዩ። ትንሽ ነጭ ጭስ ወጥቶ ሲሞቅ ከጠፋ አያሳስብም፤ ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የሚቀጥል ነጭ ጭስ ውሃ ወይም ያልተቃጠለ ናፍጣ መኖሩን ይናገራል። የዘይት መሙያውን ክዳን ላላ አድርገው ትንፋሹ ምን ያህል እንደሚገፋው ይመልከቱ። ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀዎ ምርመራውን አይጀምሩት፤ በሌላ ቀን፣ ሳይነግሩት፣ ማለዳ ተመልሰው ይሂዱ።